ኮምፓይለሩ ሲጮህና ዝም ሲል

ይህ ጽሑፍ ሲ እና መሰል የፕሮግራም ቋንቋዎችን ለሚጽፉ ሰዎች በአንድ ምሽት ያደረግሁት ንግግር ነው። ሲነገር የነበረውን ድግግሞሽ አውጥቼዋለሁ፤ ከተጠየቁት ጥያቄዎች የተወሰኑትን መጨረሻ ላይ አስገብቻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

ሲ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚያውቃት፣ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) የሚሰጣት አንዲት መልእክት ወይም ዋርኒንግ አለች። «ይህን ቫሪያብል ፈጥረሃል፤ ግን አልተጠቀምክበትም» የምትል። ቫሪያብል ዋጋ የሚቀመጥበት ስም ነው። ኮዱን ጽፋችሁ ሳትጨርሱ ትመጣለች። ዲባግ ለማድረግ አንድ መስመር ስትዘጉ ትመጣለች። የሌላ ሰው ፕሮጀክት አውርዳችሁ ቢልድ ስታደርጉ (ወደሚሠራ ፕሮግራም ስትለውጡ) ደግሞ መአት ሆና ትወርዳለች። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ጆሮ ዳባ ልበስ እንላለን።

ዛሬ የማወራው ስለዚህች መልእክት ነው። ዋርኒንግ አያስፈልግም ልላችሁ አልመጣሁም። እኔ ራሴ ዋርኒንጎቹን ሳላበራ ሲ አልጽፍም። ክሴ ሌላ ነው። ኮምፓይለሩ የሚቆጥረው ስም ነው፤ ባጉ (ስህተቱ) የሚደበቀው ግን ስሙ በያዘው ዋጋ ውስጥ ነው። ሁለቱ አንድ ስላልሆኑ ኮምፓይለሩ ዝም ማለት ባለበት ቦታ ይጮሃል፤ መጮህ ባለበት ቦታ ደግሞ ዝም ይላል። ይባስ ብሎ፣ ጩኸቱን ለማስቆም የምንወስደው እርምጃ አንዳንዴ ጤነኛውን ኮድ ያበላሸዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1978 በቤል ላብስ ይሠራ የነበረው ስቲቨን ጆንሰን ሊንት ስለሚባለው ፕሮግራሙ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሊንት የሲ ኮድ አንብቦ የሚያጠራጥረውን ነገር የሚጠቁም መሣሪያ ነው። ያኔ የኮምፓይለሩ ሥራ ቶሎ መተርጎም ነበር፤ መምከሩ ለሊንት ተተወ። ጆንሰን ስለማይነበቡ ቫሪያብሎች የጻፈው ልከኛ ነው። በግርድፉ ያለው ይህን ነው፦ እንዲህ ያለው ነገር የሚሠራን ፕሮግራም እምብዛም አያበላሽም፤ ግን ኮዱን ለመረዳትና ለመለወጥ ያስቸግራል፤ አልፎ አልፎም እውነተኛ ባግ ይጠቁማል። «እምብዛም» እና «አልፎ አልፎ» የሚሉትን ያዙልኝ። ሊንት ደግሞ ማስቆሚያም ነበረው። ከፈንክሽኑ (ስም ተሰጥቶት ከሚጠራው የኮድ ክፍል) በላይ «አርጊውመንቶቹ ጥቅም ላይ ውለዋል» የሚል ኮመንት ወይም ማስታወሻ ትጽፉለታላችሁ (አርጊውመንት ፈንክሽኑ የሚቀበለው ዋጋ ነው)፤ ዝም ይላል። ባይውሉም። መሣሪያው ሲወለድ መዋሻውም አብሮት ተወለደ ማለት ነው።

ኮምፓይለሩ ይህን ዋርኒንግ ሲሰጥ የተራቀቀ ነገር አያደርግም። ኮዱን እያነበበ ሳለ እያንዳንዱ ስም ላይ ምልክት ያደርጋል፦ ይህ ስም ከታወጀ በኋላ የሆነ ቦታ ተነስቷል ወይስ አልተነሳም? ከተነሳ አለቀ። ለምን እንደተነሳ፣ በዋጋውም ምን እንደተሠራ ጉዳዩ አይደለም። ስሙን ወደ ቮይድ («ዋጋ የለሽ» ወደሚባለው ዓይነት) ካስት አድርጋችሁ ወይም ለውጣችሁ አንድ መስመር ላይ ብቻውን ብታስቀምጡት ዝም የሚለው ለዚህ ነው። ያቺ መስመር ማሽኑን አንዲት ኢንስትራክሽን አታሠራውም። ለኮምፓይለሩ የምትሰጥ ጉርሻ ናት።

ጂሲሲ የሚባለው የሲ ኮምፓይለር በ2011 በወጣው 4.6 ነገሩን አንድ ደረጃ ከፍ አደረገው። ከዚያ በፊት ለቫሪያብሉ በኋላ ዋጋ ከሰጣችሁት ጂሲሲ እንደተጠቀማችሁ ይቆጥርላችሁ ነበር። 4.6 «ዋጋ ተሰጥቶታል፤ ግን አልተነበበም» የሚል ሌላ ዋርኒንግ አመጣ፤ ሁላችንም ከምናበራው የዋርኒንግ ስብስብ ውስጥም ከተተው። ነባር ፕሮጀክቶች ላይ ጎርፍ ሆነ። የሊኑክስ ከርነልን (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) የሚጽፉት ሰዎች ከመደበኛው ቢልድ ላይ አጠፉት፤ ማየት የፈለገ ሰው ተጨማሪ ዋርኒንግ የሚያበራውን አማራጭ ሰጥቶ ያያል። ለምን አጠፉት የሚለው ነው ዋናው ቁም ነገር። እሱን በቅርብ እንየው።

ፒሲአይ (ካርዶችን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው መስመር) ላይ የተሰካ አንድ ኔትወርክ ካርድ አለ እንበል። ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ) ካርዱን ሪሴት ማድረግ ፈለገ። መቆጣጠሪያ ሬጅስተሩ (ካርዱ ላይ ያለች ትንሽ ማስቀመጫ) ላይ የሪሴት ቢቱን ጻፈ። ቀጥሎ ያንኑ ሬጅስተር አነበበና ያነበበውን «ቫል» በምትባል ቫሪያብል ውስጥ አስቀመጠ። ቀጥሎ አሥር ማይክሮሰከንድ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ሥራው ሄደ። ቫልን ዳግም የሚያነሳት የለም።

ኮምፓይለሩ «ቫል ጥቅም ላይ አልዋለችም» ይላል። እውነቱን ነው። አንድ ትጉህ ልጅ ዋርኒንግ ሊያጸዳ ተነሳ፤ መስመሯን ከነጥሪዋ ሰረዛት። ዋርኒንጉ ጠፋ። ኮዱ ኮምፓይል አደረገ። በእሱ ማሽን ላይም ሠራ። ኮሚት ሜሴጁ (ከለውጡ ጋር የሚሄደው ማብራሪያ) ላይ «የማያስፈልግ ቫሪያብል አስወገድኩ» ብሎ ጻፈ። ሪቪው ያደረገውም ሰው «ጎበዝ» ብሎ አሳለፈው።

አሁን ምን ሆነ? በፒሲአይ ላይ ሲፒዩው ወደ ካርዱ የሚጽፈው ነገር ወዲያው ላይደርስ ይችላል። መንገድ ላይ ያሉት ብሪጆች ተቀብለው ባፈር ውስጥ ያቆዩታል፤ ሲፒዩው ግን ጽፌ ጨረስኩ ብሎ ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል። ማንበብ ላይ እንዲህ አይሠራም። ሲፒዩው መልሱ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ የፒሲአይ የቅደም ተከተል ሕግ ደግሞ ንባቡ ከፊቱ የተላከውን ጽሕፈት ቀድሞ እንዳያልፍ ያስገድዳል። ስለዚህ የሪሴት ትእዛዙ ካርዱ ጋ መድረሱን የምታረጋግጠው ያቺ «ጥቅም የሌላት» ንባብ ናት። እሷ ከጠፋች አሥሩ ማይክሮሰከንድ መቆጠር የሚጀምረው ትእዛዙ ገና መንገድ ላይ ሳለ ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። አንዳንድ ማሽን ላይ፣ አንዳንድ ቀን፣ ካርዱ አልነሳ ይላል። ከዚያ የሃርድዌር ችግር ነው፣ የኬብል ነው፣ የፓወር ነው ሲባል ይከረማል።

ሌሎች መሣሪያዎች ላይ ደግሞ ማንበብ ራሱ ድርጊት ነው። ኢንተረፕት መሣሪያው ሲፒዩውን የሚጠራበት ምልክት ነው፤ የኢንተረፕት ስቴተስ ሬጅስተሩ ሲነበብ ቢቶቹ ይጠፋሉ፤ መሣሪያውም መጣራቱን ያቆማል። ንባቡን ከሰረዛችሁት ጥሪው አይቆምም። ሃንድለሩ (ጥሪውን የሚያስተናግደው ፈንክሽን) ጨርሶ በወጣ ቁጥር ወዲያው ተመልሶ ይጠራል። ያ ሲፒዩ ሌላ ሥራ መሥራት ያቅተዋል።

እኔን የሚያናድደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የከርነሉ የሬጅስተር ንባብ ከውስጥ ቮላታይል ነው። ቮላታይል ንባብን መጣል እንደማይፈቀድ ኮምፓይለሩ አሳምሮ ያውቃል። ኮዱን ሲያወጣ ንባቡን ይተወዋል፤ የሚጥለው ቫሪያብሏን ብቻ ነው። እሱ ራሱ ትክክለኛውን ነገር ያደርጋል፣ ለእኛ ግን አይነግረንም። «ስሟን ጣላት፤ ጥሪዋን ግን እንዳትነካ» ቢል ምን ነበረበት? ሁለቱም መረጃ እጁ ላይ ነው። አንዱን ብቻ ነው የሚነግረን። ትክክለኛው እርምጃ ጥሪዋን ያለ ቫሪያብል ብቻዋን መተውና ከጎኗ «ይህች ንባብ ትእዛዙ እንዲደርስ ናት» የሚል ኮመንት ማስፈር ነው። ኮመንቱ ከሌለ የሚቀጥለው ትጉህ ልጅ ይሰርዛታል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሁላችንም ኮድ ውስጥ አለ። «ሪት» የምትባል ቫሪያብል። ድራይቨሩ ሲነሳ ለመሣሪያው ክሎክ (ሥራውን የሚመራውን የጊዜ ምት) የሚያበራውን ፈንክሽን ይጠራና መልሱን ሪት ውስጥ ይይዛል። ከዚያ ሪትን ሳያይ ቁልቁል ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ ዜሮ ይመልሳል። ዜሮ ማለት «ሁሉ ሰላም ነው» ማለት ነው።

ኮምፓይለሩ «ሪት ዋጋ ተሰጥቷታል፤ ግን አልተነበበችም» ይላል። እዚህ ላይ ለአንድ ጊዜ ትልቅ ነገር አግኝቷል! ክሎኩ ባይበራ ማንም አያውቅም፤ ድራይቨሩ ተነሳሁ ብሎ ይዋሻል። የሚያስፈልገው መልሱን አይቶ ኤረሩን ወደ ላይ መመለስ ነው። ግን መልእክቷ የምታወራው ስለ ኤረር አይደለም፣ ስለ ቫሪያብል ነው። ቫሪያብል አስቸገረ ሲባል ሰው ቫሪያብል ይሰርዛል። ሪት ትጠፋለች፤ ጥሪው ብቻውን ይቀራል፤ ዋርኒንጉ ይቆማል። ባጉ እዚያው ነው። እንዲያውም ሪት እያለች ቢያንስ «እዚህ አንድ መልስ ነበረ» የሚል ምልክት ነበር። አሁን ያም የለም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ማለት ይሄ ነው።

ትንሽ እንለውጠው። ድራይቨሩ ሁለት ፈንክሽኖችን በተከታታይ ይጠራል። የመጀመሪያውን መልስ ሪት ውስጥ ያስገባል። ሳያየው የሁለተኛውን መልስ እዚያው ሪት ላይ ይደርብበታል። በመጨረሻ ሪትን ይመልሳል። የመጀመሪያው ኤረር ተዋጠ። አሁን ጂሲሲን የተለመዱትን ዋርኒንጎች አብርታችሁ ጠይቁት፤ ምንም አይልም። ለምን? ሪት የሚለው ስም አንድ ቦታ ተነቧላ! ስሙ ተነቧል፤ የመጀመሪያው ዋጋ ግን አልተነበበም። ይህን የሚያዩት ዋጋ የሚከታተሉ ሌሎች መሣሪያዎች ናቸው፤ ለምሳሌ ክላንግ የሚባለው ሌላ የሲ ኮምፓይለር ስታቲክ አናላይዘር፤ ኮዱን ሳያስኬድ የሚመረምር መሣሪያ ነው። ኮዱ ውስጥ አደገኛው ይህኛው ነው፣ ጩኸት የሚሰማው ግን በዚያኛው ነው።

ሦስተኛው አሰርት ነው፤ «ይህ እውነት መሆን አለበት» ብሎ የሚፈትሽ፣ ካልሆነ ፕሮግራሙን የሚያቆም መስመር። አንድ ፈንክሽን ጠርታችሁ መልሱን «ኤን» ውስጥ ያዛችሁ፤ ቀጥሎ «ኤን ዜሮ መሆን አለበት» ብላችሁ አሰርት አደረጋችሁ። ዲባግ ቢልድ (ለራሳችን ፍተሻ የምንሠራው) ላይ ምንም የለም። ለተጠቃሚ የሚሄደው ቢልድ ላይ አሰርት ስለሚጠፋ ኤን ሰው አልባ ትሆናለች፤ ዋርኒንጉ ይመጣል። ሰው ምን ያደርጋል? ኤንን አጥፍቶ ጥሪውን አሰርቱ ቅንፍ ውስጥ ይከተዋል። ኮዱ አማረ፣ አጠረ፣ ዋርኒንግ የለም። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው፤ አሰርቱ ሲጠፋ ጥሪውም አብሮ ይጠፋል። ፋይል የሚዘጋ ጥሪ ከነበረ ፋይሉ አይዘጋም። ባጉ የሚታየው ደግሞ ተጠቃሚው ጋ ብቻ ነው፤ እናንተ ዲባግ ቢልድ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። ክላንግን የሚሠሩት የኤልኤልቪኤም ሰዎች ራሳቸው በኮድ አጻጻፍ መመሪያቸው ላይ ይህን ጉዳይ አንስተው መፍትሔ ጽፈውለታል። ዋርኒንጉን የሚሰጠውን ኮምፓይለር የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው በዋርኒንጉ ተቸግረዋል ማለት ነው። ሲ23 እና ሲ ፕላስ ፕላስ 17 (የቋንቋዎቹ ይፋዊ እትሞች) «ላይነበብ ይችላል» የሚል ምልክት በቋንቋው ውስጥ አላቸው፤ ለአሰርቱ ጉዳይ ትክክለኛው እሱ ነው።

ኮልባክ (ሌላ ኮድ መልሶ የሚጠራው ፈንክሽን) ላይ የማይነበቡ ፓራሜትሮች ወይም አርጊውመንቶች አሉ፤ እነሱን በፍጥነት ልለፋቸው። የፈንክሽኑን ቅርጽ የወሰነው ሌላ ሰው ነው። ኢንተረፕት ሃንድለር የኢንተረፕት ቁጥሩን ይቀበላል፤ ብዙዎቹ አይፈልጉትም። ይህ ጥፋት አይደለም፤ መጥቀሱም አያስፈልግም ነበር።

አሁን ዝምታውን እንይ።

ፓስዎርድ ተቀበላችሁ፣ ሥራችሁን ጨረሳችሁ፣ ከመመለሳችሁ በፊት ባፈሩን በሜምሴት ዜሮ አደረጋችሁት። ጥሩ ልማድ ነው። ኦፕቲማይዘሩ (ኮዱን የሚያፈጥነው የኮምፓይለሩ ክፍል) ግን ያያል፦ ከዚህ በኋላ ይህን ባፈር የሚያነብ የለም፤ ስለዚህ መጻፉ ከንቱ ነው። ሜምሴቱን ይጥለዋል። ፓስዎርዱ ሚሞሪ ላይ ይቀራል። አንዲት ዋርኒንግ የለችም! ጥቅም የሌላት ቫሪያብል ስትፈጥሩ የሚጮኸው ኮምፓይለር የጻፋችሁትን የጥንቃቄ መስመር ሲጥል ትንፍሽ አይልም። ችግሩ እውነተኛ ስለሆነ ለዚሁ ብቻ ፈንክሽን ተሠራለት። ኦፕንቢኤስዲ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በ2014 አስገባው፤ ግሊብሲ (ሊኑክስ ላይ የተለመደው የሲ ላይብረሪ) በ2017 በ2.25 ተከተለ፤ ሲ23 ደግሞ የራሱን አመጣ። ኮምፓይለሩ እንዳይጥላቸው ቃል የተገባላቸው ማጥፊያዎች ናቸው።

በዚያው በ2014 በየካቲት አካባቢ አፕል አይኦኤስ 7.0.6 የሚባለውን ማስተካከያ ቸኩሎ አወጣ። «ጎቱ ፌይል» የሚባለው ባግ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የሰርቨሩን ፊርማ የሚያረጋግጠው ፈንክሽን ውስጥ «ወደ ፌይል ሂድ» የምትለው መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፋለች። የመጀመሪያዋ ከኢፍ («ይህ ከሆነ» ከሚለው ቅድመ ሁኔታ) ሥር ናት። ሁለተኛዋ ከኢፍ ሥር ያለች ትመስላለች እንጂ አይደለችም፤ ሁልጊዜ ትሠራለች። ከእሷ በታች ያለው የማረጋገጫ ኮድ በሙሉ ሞተ። ፈንክሽኑ ግን «ሁሉ ሰላም» ብሎ ይመለሳል። አንድ ሙሉ የደኅንነት ፍተሻ ጥቅም ላይ አልዋለም፤ ለዚህ ነበር መጮህ።

ክላንግ የማይደረስ ኮድን የሚጠቁም ዋርኒንግ ነበረው፤ ግን ሁላችንም የምናበራው ስብስብ ውስጥ የለም፣ ለብቻው ነው የሚበራው። የጂሲሲው ደግሞ ይገርማል። እንዲህ ያለ ዋርኒንግ ነበረው፤ የማይረጋ ሆኖ ስላስቸገረ አወጡት። አማራጩን ግን አሁንም ይቀበላችኋል! ትጽፉታላችሁ፤ ኤረር አይሰጥም፤ ምንም አያደርግም። በርቷል ብላችሁ ታድራላችሁ። ጂሲሲ 6 በ2016 «አቀማመጡ ያሳስታል» የሚል ዋርኒንግ አመጣ፤ እሱ የጎቱ ፌይልን ዓይነት ይይዛል። ጥሩ ዋርኒንግ ምን እንደሚመስል ለማየት እሱን ተመልከቱ። የሚያወራው ስለ ስም አይደለም። «የጻፍክበት ቅርጽ አንድ ነገር ይላል፣ ኮዱ ሌላ ነገር ያደርጋል» ነው የሚለው።

ዋርኒንግን ለማስቆም ሲባል የደረሰ ትልቅ ጉዳት አለ ወይ ብትሉኝ፣ አለ። ዋርኒንጉ የዛሬው አይደለም፤ የቅርብ ዘመዱ ነው። በ2006 ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ስርጭት ላይ፣ የምስጢር ቁልፎችን የሚፈጥረው የኦፕንኤስኤስኤል ፓኬጅ በቫልግራይንድ (የሚሞሪ ስህተት መፈለጊያ) ሲፈተሽ «ዋጋ ያልተሰጠው ሚሞሪ ተነበበ» የሚል ጩኸት ነበር። ጩኸቱ ሁለት ተመሳሳይ መስመሮች ላይ ያርፋል፤ ሁለቱም ኮመንት ተደርገው ወጡ። አንደኛዋ ብትወጣም ብዙ ባልጎዳች ነበር። ሁለተኛዋ ግን የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫው ከውጭ የሚሰጠውን ግብዓት ሁሉ የምትቀላቅል ነበረች። እሷ ስትወጣ የቀረው የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ እሱ ደግሞ ከ32,768 አያልፍም። ለአንድ ዓይነትና መጠን ቁልፍ፣ በአንድ ዓይነት የማሽን አርክቴክቸር ላይ ሊፈጠር የሚችለው ያን ያህል ነው። አንድ በአንድ መሞከር ይቻላል። ሉቺያኖ ቤሎ አግኝቶት በግንቦት 2008 እስኪታወጅ ድረስ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ማንንም ለመውቀስ አይደለም የማነሳው። ሰውዬው ያደረገው ሁላችንም በየቀኑ የምናደርገውን ነው። መሣሪያው አንድ መስመር ጠቆመ፤ መስመሩ ወጣ፤ መሣሪያው ዝም አለ።

ኤስኪውላይት የሚባለውን ዳታቤዝ የሚሠሩት ሰዎች ይህን በድፍረት ጽፈውታል። ኮዳቸው ያለ ዋርኒንግ ኮምፓይል እንዲያደርግ ሲለፉ ያስገቡት ባግ፣ በስታቲክ አናሊሲስ ካገኙት ባግ ይበልጣል ነው የሚሉት። ይህን የሚለው ለፍተሻ ከማንም በላይ የሚጨነቅ ፕሮጀክት መሆኑን ልብ በሉ።

አዲሶቹ ቋንቋዎችስ? ጎ በ2009 ይፋ ሲሆን ዋርኒንግ የሚባል ነገር አላስገባም። ወይ ኤረር ነው ወይ ምንም አይደለም። ሊጠቀስ የሚገባው ነገር መስተካከል አለበት፤ መስተካከል የማያስፈልገውም መጠቀስ የለበትም ነው ክርክራቸው። ክርክሩ ያምራል፤ አብሮት መኖር ግን ያበሳጫል። ዲባግ እያደረጋችሁ አንድ ፕሪንት ትዘጋላችሁ፤ ቫሪያብሉ አልተነበበም ብሎ እምቢ ይላል። ቫሪያብሉን ትዘጋላችሁ፤ ኢምፖርቱ (ከውጭ ያስገባችሁት ላይብረሪ) ጥቅም ላይ አልዋለም ይላል። ኢምፖርቱን ትዘጋላችሁ። ከዚያ ሁሉንም መልሳችሁ ትከፍታላችሁ። የሚገርመው ይህ ሁሉ ጥብቅነት እያለ ያቺ የተዋጠችው ሪት እዚያም አለች። በጎ ስሟ «ኧር» ነው። የመጀመሪያውን ኤረር ሳታዩ በሁለተኛው ብትደርቡበት የጎ ኮምፓይለር ያሳልፋችኋል፤ ስሟ አንዴ ተነቧላ።

ዚግ የሚባለው ቋንቋ በታኅሣሥ 2021 በ0.9.0 ይህንኑ መንገድ ያዘ፤ የማይነበብ ሎካል ቫሪያብል ኤረር ሆነ። ሰው ተማረረ። ስለዚህ ኤዲተሩ ፋይሉን ሴቭ ስታደርጉ የማስቆሚያዋን መስመር በራሱ እንዲያስገባላችሁ ማድረግ ተቻለ። ሁኔታውን አስቡት፤ አንድ ማሽን ይጮሃል፣ ሌላ ማሽን ዝም ያሰኘዋል፣ ሰውየው መሃል ላይ የለም።

ረስት በእኔ ግምት ከሁሉም የተሻለ ቦታ ላይ ነው ያለው። የማይነበብ ቫሪያብል ዋርኒንግ ነው፤ ከስሙ ፊት አንደርስኮር ካደረጋችሁ «ሆን ብዬ ነው» ማለት ይሆናል። ለብቻው ደግሞ «ይህን መልስ መጣል የለብህም» የሚል ዋርኒንግ አለው፤ ይህኛው ዋጋን ነው የሚያየው። ግን እዚያም ወጥመድ አለ። ሎክ (ሁለት ሥራዎች አንድን ዳታ በአንዴ እንዳይነኩ የሚያግድ) ስትይዙ ጋርድ የሚባል ነገር ይሰጣችኋል፤ ጋርዱ በሕይወት እስካለ ሎኩ ይያዛል። በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው፤ ምንም ሲሠራ አይታይም፣ መቆሙ ነው ሥራው። ኮምፓይለሩ ጋርዱን የሚያነብ ስላጣ ዋርኒንግ ይሰጣል። ከስሙ ፊት አንደርስኮር ካደረጋችሁ ጋርዱ እስከ ብሎኩ መጨረሻ ይቆያል። ስሙን ጥላችሁ አንደርስኮር ብቻ ከተዋችሁ ግን ጋርዱ ያንኑ ቅጽበት ይሞታል፣ ሎኩ ይለቀቃል። በዓይን የሚታየው ልዩነት ጥቂት ፊደል ነው። የረስት ሰዎች ይህን አይተው ሎክን በባዶ አንደርስኮር መጣልን ኤረር አደረጉት። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ጂሲሲ የሚያደርገው ደግሞ ሌላ ነው፦ ኮንስትራክተር ወይም ዲስትራክተር (ሲፈጠር ወይም ሲጠፋ የሚሠራ ኮድ) ያለው ነገር ከሆነ «ይሄ የሚሠራው ሥራ ይኖረው ይሆናል» ብሎ ዝም ይላል። ዘበኛውን ያከብራል፤ በዚያው ልክ ማንም የማይነካው ስትሪንግ ብትተዉም ዝም ይላል።

ዋርኒንግን ኤረር የማድረግ ነገር አለ፤ እሱ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ። በ2021 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ለከርነል 5.15 ዋርኒንግ ሁሉ በነባሪው ኤረር እንዲሆን አደረገ። ቢልዶች በየቦታው ተሰበሩ፤ በቀናት ውስጥ ነባሪነቱ ለፍተሻ ቢልዶች ብቻ እንዲሆን ተመለሰ። እኔ የምለውም ያንኑ ነው። ኮድ መርጅ የሚሆንበት (ከዋናው ኮድ ጋር የሚቀላቀልበት) ሰርቨር ላይ ኤረር ይሁን። እየጻፈ ባለ ሰው ማሽን ላይ ግን አይሁን፤ ያልተጨረሰ ኮድ ያልተነበበ ቫሪያብል ይኖረዋል፣ ወጉ ነው። ለሌላ ሰው በምትሰጡት ሶርስ ላይም ፈጽሞ አይሁን። ነገ የሚወጣ ኮምፓይለር አዲስ ዋርኒንግ ያመጣል፤ ከዓመታት በፊት የጻፋችሁት ጤነኛ ኮድ ባልሠራው ጥፋት ቢልድ አልደረግም ይላል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተነሳ። ከኋላ የተቀመጠች እህት «ታዲያ ሪቪው ላይ የማይነበብ ቫሪያብል የሚያወጣ ኮሚት ሲመጣ ምን እንይ?» አለች። ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ያለውን እዩ አልኳት። በስተቀኝ ቁጥር ብቻ ካለ አሳልፉት፤ ጊዜ አታጥፉበት። በስተቀኝ የፈንክሽን ጥሪ ካለ ግን ቁሙ። ጥሪው መልሱን የሚሰጠው ለምን ነበር? ኤረር ነው? ንባብ ነው? ሎክ ነው? ኮሚት ሜሴጁ ይህን ካልመለሰ ኮሚቱን መልሱት። «ዋርኒንግ አጸዳሁ» መልስ አይደለም።

አንድ ወጣት ደግሞ በሥራ ቦታው የቆየ የሲ ኮድ እንዳለ፣ ቢልድ ሲደረግ ዋርኒንጉ ስክሪን እንደሚያልፍ፣ አለቃው ሁሉንም አጽዳ እንዳለው ነገረን። «ከየት ልጀምር?» ነው ጥያቄው። ወንድሜ፣ መጀመሪያ የፓራሜትሩን ዋርኒንግ ሙሉ በሙሉ አጥፋው፤ ከዚያ ብዙ የምታገኘው የለም። የዝርዝሩ ርዝመት ወዲያው ይወርድልሃል። ቀጥሎ «ዋጋ ተሰጥቶታል፤ ግን አልተነበበም» የሚሉትን ለብቻ አውጣና ከፈንክሽን ጥሪ የመጡትን ለይ። ባጎቹ እዚያ ናቸው፤ እነሱን ዋርኒንግ ብለህ ሳይሆን ባግ ብለህ አንድ በአንድ መዝግባቸው። ለአለቃህም ዝርዝሩን በዚያ ስም አሳየው፤ ጊዜ ይሰጥሃል። የተዋጡትን ኤረሮች ደግሞ ኮምፓይለሩ አያሳይህም፤ በስታቲክ አናላይዘር ለብቻ አስኪዳቸው። የቀሩትን፣ ቁጥር ብቻ የያዙትን፣ አርብ ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰርዛቸው።